የኢንቴን ግማሾች ቁልፍና ጓጉንቸር አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስታርጋርት የዓይን ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እኔ እዚህ ጅማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጋዜጣውን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እየተቀባበልን ነው የጨረስነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ግን አልተዋጠልኝም።

ላላነበቡት በአጭሩ ልንገራቸው። ለሕመሙ ምክንያት የሆነው ጂን ትልቅ ነው፤ ፕሮቲኑን የሚያዘው ክፍል ብቻ 6,800 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ይሆናል። ጂን የሚያደርሰው ኤኤቪ የተባለው ቫይረስ ደግሞ የሚችለው 4,700 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጂኑ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቫይረስ ይላካል። ሴሉ ውስጥ የተሠሩትን ሁለት ግማሽ ፕሮቲኖች አገናኝቶ ራሱ ተቆርጦ የሚወጣው ኢንቴን የተባለ የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፍሎ በየግማሹ ፕሮቲን ጫፍ ላይ ተያይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአይጥና በአሳማ ዓይን ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። እስከዚህ ድረስ ልክ ናችሁ።

ሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱ የኢንቴን ግማሾች ሳይገናኙ ገና ቅርጻቸው አልቋል። አንዱ ጓጉንቸር፣ ሌላው ቁልፍ ሆነው ተስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው እንዳይቀሩ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በተፈጥሮው ለሁለት የተከፈለ ኢንቴን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ሲኔኮሲስቲስ በተባለ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን በሚያዘጋጅ ባክቴሪያ (ሳያኖባክቴሪያ) ውስጥ። ዲኤንኤ የሚያባዛው ኢንዛይም ዋና ክፍል ለሁለት ጂን ተቆርጦ፣ ቁራጮቹ በ745 ሺህ ቤዝ ተራርቀው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የኢንቴን ግማሽ 123 አሚኖ አሲድ አለው፤ ሁለተኛው 36 ብቻ።

ያ ትንሹ ለብቻው ሲሆን ቅርጽ የሚባል ነገር የለውም፤ ልፍስፍስ ነው። ትልቁም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልታጠፈም። አንድ ወገኑ ሰብሰብ ብሏል፣ ሌላው ወገኑ እንደተዘረጋ ነው። ትልቁ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይበዛል፣ ትንሹ ላይ ፖዘቲቭ። መጀመሪያ የሚሳሳቡት በዚህ ነው። ጨው ሲበዛ መያያዛቸው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ትንሹ የተዘረጋውን ወገን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ተያይዘው ወደ ተሰበሰበው ክፍል ይታጠፋሉ። ቅርጹ የሚመጣው ከተገናኙ ወዲያ ነው ማለት ነው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለው የቶም ሙይር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ይህንን በሁለት ደረጃ ከፍሎ አሳይቷል፤ መጀመሪያ መያዝ፣ ቀጥሎ መሰብሰብ።

ከታጠፉ በኋላ ያለው ኬሚስትሪ ነው። የሴል ኃይል ምንጭ የሆነው ኤቲፒ አያስፈልገውም፣ ሌላ ኢንዛይምም አያግዘውም። መጋጠሚያው ላይ ያሉት ሳይስቲን የተባሉ አሚኖ አሲዶችና የኢንቴኑ መጨረሻ ላይ ያለው አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድ ሥራውን ይጨርሱታል።

ክፍል ውስጥ ይህንን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። መብራት የለም፣ ፕሮጀክተሩም ያው እንደተሸፈነ ነው። ዝናቡ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አያነጋግርም፤ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዷ ተማሪ ከኋላ ተነስታ እየጮኸች ጠየቀችኝ፤ «ቲቸር፣ ቅርጽ ከሌለው በምን ይተዋወቃሉ?»

ጥያቄዋ ከጋዜጣችሁ ሥዕል ይሻላል፤ አትቀየሙኝ። መተዋወቁ ያን ያህል ጥብቅ አይደለም። ከአንዱ ሳያኖባክቴሪያ የተወሰደ ግማሽ ከሌላ ዘመድ ዝርያ ከመጣ ግማሽ ጋር ተያይዞ ይሠራል። ቁልፍና ጓጉንቸር ቢሆን ኖሮ የጎረቤት ቁልፍ ባልከፈተ ነበር። የቻርጁ አቀማመጥ እስከተመሳሰለና አብረው መታጠፍ እስከቻሉ ድረስ ይግባባሉ።

ሌላም ማስረጃ አለ። ሳይንቲስቶች ሙሉ ኢንቴን ወስደው ራሳቸው ለሁለት ሲቆርጡት ብዙ ጊዜ ግማሾቹ ውሃ ውስጥ ይጓጉላሉ። ፈትቶ እንደገና ማጠፍ የግድ ይሆናል። በተፈጥሮ ተከፍለው የኖሩት ግን ያለ ማንም እርዳታ ይገናኛሉ። ኖስቶክ ፑንክቲፎርሜ ከተባለ ሳያኖባክቴሪያ የተገኘው ጥንድ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ግማሹን ሥራ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። የዓይን ሕክምናው ላይ የሚፈለገውም እንዲህ ያለው ፈጣን ጥንድ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥዕሉን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ ሁለት አድርጉት። በመጀመሪያው ላይ ትንሹ ግማሽ እንደ ልቅ መስመር ይሣል፤ ትልቁም አንድ ወገኑ ክፍት ይሁን፤ ቻርጁም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይደረግበት። በሁለተኛው ላይ ተጣምረው ታጥፈው ይታዩ። ቆርጬ ሰሌዳው አጠገብ እለጥፈዋለሁ፤ ያቺ ልጅም ታየዋለች።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህር፣ ከጅማ