የኮተን ተጫዋቾችን ታሪክ ለማሰባሰብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለድሬዳዋ ተወላጆች፣ ለቀድሞ የፋብሪካው ሠራተኞች ቤተሰቦችና ለኳስ ወዳጆች በሙሉ፤

የድሬዳዋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ኮተን እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963፣ በ1965 እና በ1983 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ዓመታቱ ተመዝግበዋል፤ ዋንጫውን ያነሡት ልጆች ስም ግን ከጥቂቶቹ በቀር በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች ትዝታና በየቤቱ በተቀመጡ ፎቶግራፎች ውስጥ ነው።

ስማቸው ከቀረላቸው አንዱ አስመራ ተወልዶ ለኮተን የተጫወተው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አምበላችን እሱ ነበር፤ ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ ያደረገችንን ጎል ያስቆጠረውም እሱው ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አክለው 4 ለ 2 ስናሸንፍ፣ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያርፍ ስለ ድሬዳዋ ዘመኑ ልንጠይቀው ይገባን የነበረው ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ቀረ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከቁም ሳጥናቸው አንድ የቡድን ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩን። ጀርባው ላይ «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ የአሥራ አንዱም ስም ተጽፎ ነበር፤ እርጥበት ስለነካው ግን ማንበብ የቻልነው ሦስቱን ብቻ ነው። አንዱን፣ ባለቤታቸውን፣ እሳቸው በጣታቸው አመለከቱን። ሰባቱ እስካሁን አልታወቁም፤ ሁለት የዚያን ጊዜ ደጋፊዎች በግብ ጠባቂው ማንነት ሳይስማሙ ተለያይተዋል (ድሬ ነውና ክርክሩ ገና ነው)።

ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ተጫዋቾችና የሟቾቹን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ ሄደን ቃላቸውን ለመቅዳት፣ ፎቶግራፎቹን በስካነር ለማንሣትና ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ለማሳተም ተነሥተናል። የምንጠይቀው ገንዘብ ለስካነር፣ ለድምፅ መቅጃ፣ ለትራንስፖርትና ለኅትመት ብቻ የሚውል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ እንሰጣለን፤ እኛ አበል አንወስድም። መቶ ብርም ሆነ ከዚያ በላይ፣ አቅም የፈቀደው ሁሉ ይጠቅመናል። ገንዘብ የሌለው የአንድ ተጫዋች ስም ቢነግረን ከመዋጮ አሳንሰን አናየውም።

ፎቶግራፍ ያላችሁም አደራ አትላኩልን፤ እኛው መጥተን እዚያው ፊታችሁ አንሥተን እንመልሳለን። ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ለማላቀቅ አትሞክሩ፣ እንዳለ እናነሣዋለን።