ዮሰሚቲ ለምትሄዱ፦ ጭልፊቶቹ ጫጩት እያሳደጉ ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣

ገደል ለመውጣት ገመዳችሁን ማዘጋጀት እንደጀመራችሁ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል። ካሊፎርኒያ ባለው የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንዳንድ የገደል መውጫ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 15 ይዘጋሉ።

ምክንያቱ ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት ነው። ይህ ወፍ ጭራሮ ሰብስቦ ጎጆ አይሠራም። ገደሉ መሃል ጠባብ እርከን ይመርጥና፣ ጠጠሩን ጫር ጫር አድርጎ 3 ወይም 4 እንቁላል ይጥላል። እኛ ደግሞ እጃችንን የምናሳርፈው እዚያው ላይ ነው። እናትየው ደንግጣ ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። እኔን ግን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጫጩቶቹ ነገር ነው። ሰው ሲቀርባቸው ክንፋቸው ሳይጠነክር ይዘላሉ።

ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት የእንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በመላው ካሊፎርኒያ የሚታወቁት ጥንዶች 2 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዮሰሚቲ ውስጥ ኤል ካፒታን በሚባለው ገደል ላይ የሚራቡ ጥንዶችን ያዩት እንደኛው ገደል ወጪዎች ናቸው። (ይህን ሳውቅ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።)

ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ዝርዝር እዩ፤ የሚዘጋው መስመር በየዓመቱ ይለያያል። ክፍት በተባለው ላይም ቢሆን፣ ጭልፊት እየጮኸ ከተወረወረባችሁ "ትንሽ ነው የቀረኝ" የሚባል ነገር የለም። ውረዱ፤ ለፓርኩ ጠባቂዎችም ንገሩ። ድሮን ይዞ መምጣት ያሰበ ካለ ቤቱ ይተወው፣ ፓርኩ ውስጥ ክልክል ነው። ያያችሁትን ጎጆ ቦታም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

የትኛውን መስመር እንደመረጣችሁ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።