ሳንጠየቅ የተጨፈለቀው ስክሪፕታችን

ለሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስተናገጃ) አገልግሎቱ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ኮድ ለማሳነስ ተብሎ ያለፈቃዳችን በገጻችን ኮድ ላይ ስለተደረገ ለውጥ

ጤና ይስጥልኝ። ከእናንተ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ቅሬታ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ማክሰኞ የደንበኛዬ የምዝገባ ቅጽ በድንገት መሥራት አቆመ። ሰው ስሙን ይሞላል፣ ስልኩን ይሞላል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ምንም የለም። ገጹ ሲያዩት ደህና ነው። ነገሩን የሰማነው ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ተመዝጋቢ ደውላ «አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ» ስትለን ነው። ስንቱ ሞክሮ ተስፋ ቆርጦ እንደሄደ የምናውቅበት መንገድ የለም። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ኮዱን ከነካሁት ሁለት ወር ሆኖታል። የብራውዘሩ ስህተት ማሳያ (ኮንሶሉ) ኮዱ ሳያልቅ ተቋርጧል ይላል፤ የእኔ ፋይል ላይ ግን ቅንፉ ሁሉ ተዘግቷል። ሲጨንቀኝ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋይልና ብራውዘሩ ጋ የሚደርሰውን ገጽ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በ40 መስመር የጻፍኩት ኢንላይን ስክሪፕት (ገጹ ውስጥ ራሱ የተጻፈ ኮድ) አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሦስተኛው መስመር ላይ «// ባዶ ከሆነ አትላክ» የሚል ማስታወሻ ለራሴ ጽፌ ነበር። በጃቫስክሪፕት ሁለት ስላሽ ካለ ከዚያ ወዲያ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለው አይነበብም። እናንተ መስመሮቹን ስትገጣጥሟቸው ከማስታወሻዬ በታች የነበረው 37 መስመር በሙሉ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።

የድጋፍ ክፍላችሁ የሰጠኝ መልስ «ኮድዎ ላይ ሰሚኮለን (;) ይጎድላል፣ ያስተካክሉ» የሚል ነው። ይህ ልክ አይደለም። ሰሚኮለን ሁለት ስላሽ የዋጠውን አያድንም። ደግሞም ቋንቋው ራሱ ብዙ ቦታ ላይ ሰሚኮለን መተውን ይፈቅዳል፤ የመስመሩ መቀየር ሥራውን ይሠራል። መስመር መቀየሪያን እንደ ትርፍ ባዶ ቦታ የሚጠርግ መሣሪያ ጃቫስክሪፕት አያውቅም ማለት ነው።

ሌላ ገጻችንም ተበላሽቷል። እዚያ ለደህንነት ብለን የእያንዳንዱን ኢንላይን ስክሪፕት ሃሽ፣ ማለትም ከኮዱ ጽሑፍ የሚሰላ መለያ፣ ሻ-256 በተባለው ስሌት አስልተን አስቀምጠናል። አንዲት ባዶ ቦታ ብትጠፋ ሃሹ አይገጥምም፤ ብራውዘሩም ስክሪፕቱን አላስኬድም ይላል። አጥቂ ኮዳችንን እንዳይነካ ያጠርነው አጥር እናንተን ያዘ።

ይህ ሁሉ ለምን? ለካሁት። የምዝገባው ስክሪፕት ከ6 ኪሎባይት ወደ 4 ወርዷል። ሰርቨራችሁ ግን ገጹን ድሮም በጂዚፕ ጨምቆ ነው የሚልከው፤ ከጂዚፕ በኋላ ልዩነቱ ግማሽ ኪሎባይት አይሞላም። ጂዚፕ የጨመቀው ደግሞ ሲፈታ አንዲት ፊደል አትጎድለውም። እናንተ የቆረጣችሁት ግን አይመለስም።

ኮድ ማሳነስን አልቃወምም። እኔም ትልልቆቹን ፋይሎች በቴርሰር አሳንሳለሁ። ቴርሰር ኮዱን እንደ ቋንቋ አንብቦ ነው የሚያሳንሰው፤ እኔም ከመልቀቄ በፊት ሞክሬ አየዋለሁ። የእናንተ ለውጥ ግን የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ማንም አልሞከረውም፣ ማንም አልነገረንም። የላካችሁት ኢሜይል እንኳ የለም።

ስለዚህ ይህ ኮድ የማሳነስ አገልግሎት በሁሉም ገጾቻችን ላይ ዛሬውኑ እንዲጠፋልን እጠይቃለሁ። ለሌሎች ደንበኞችም ደንበኛው ራሱ ካላበራው በቀር ጠፍቶ ይቆይ። መቼ እንደበራብን ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ አሳውቁኝ፤ ቅጹ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ ለደንበኛዬ መንገር አለብኝ። የዚህን ወር ክፍያም እንድትመልሱልን እጠብቃለሁ።

ሁለቱን ፋይሎች፣ የእኔንና የእናንተን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሦስተኛውን መስመር እዩት።

ከሰላምታ ጋር
የገጹ አስተዳዳሪ