ከስለቱ በፊት የሚከፈል አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ድሬዳዋ

የታኅሣሥ ቁሉቢ ገብርኤል ደረሰ። ከከዚራም ከመጋላም ከሳቢያንም ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላና ምንጣፍ የሚገዛው ሰው በዝቷል፤ በእግሩ የሚወጣውም ጓደኛ እያፈላለገ ነው። በዚህ ሰሞን ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ማደሪያውና ስለ ኪስ አውላቂው ብዙ ይጻፋል። መጻፉም ደግ ነው። ስለ ስለቱ ስለ ራሱ ግን እምብዛም ስለማይጻፍ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ይህን ለአንባቢ እንድታደርሱልን እንለምናለን።

ታኅሣሥ 19 የሚከበረው አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት የዳኑበት ቀን ነው። ናቡከደነፆር ቁመቱ ስድሳ ክንድ፣ ወርዱ ስድስት ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቆመ፤ ያልሰገደ ወደ እቶን ይጣላል አለ። ልጆቹ የመለሱለት ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ አለ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም «ነገር ግን እርሱ ባያድነን» እንኳ አንሰግድም አሉ። የበዓሉ ልብ ያለው እዚህች ላይ ነው። «ካዳንኸን እናመልክሃለን» አላሉም። የእኛ ስለት ግን ብዙውን ጊዜ «ካደረግህልኝ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቀራል።

እነዚህ ልጆች በድንገት ጀግና የሆኑ አይደሉም። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ፣ ከዳንኤል ጋር ሆነው በንጉሥ ማዕድ እንዳይረክሱ ለአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጧቸው ሲለምኑ እናገኛቸዋለን። ሹሙን አልተሳደቡም፤ በትሕትና «ፈትነን» ነው ያሉት። በምግብ የታዘዘ ሰው ነው በእሳት ፊት የቆመው።

ስለት መሳል ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ያዕቆብ ተስሏል፣ ሐና ተስላለች። የቁሉቢ ደብርም ቢሆን ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ያሠሩት እንደሆነ ነው ሲነገር የኖረው። ዘዳግም 23 እንደሚለው ባትሳል ኃጢአት የለብህም፤ ከተሳልህ ግን አታዘግይ። ስለት የሚበላሸው መማለጃ ሲሆን ነው። እግዚአብሔር መማለጃ እንደማይቀበል ይኸው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 10 ላይ ተጽፏል።

ከተማችን የንግድ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ግልጹን እንናገር። «ዕቃዬ ኬላውን ካለፈልኝ ለገብርኤል ይህን ያህል አስገባለሁ» ብሎ የሚሳል አለ። ኮንትሮባንድ ጭኖ መልአኩን ጠባቂ አድርጎ የሚያሰልፍ ማለት ነው። የሳኦል ታሪክ የተጻፈው ለዚህ ሰው ይመስለናል። የአማሌቅን ከብት ሁሉ አጥፋ ተባለ፤ እርሱ ግን የሰባውን መርጦ አስቀረ። ሳሙኤል መጥቶ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ቢለው፣ ለእግዚአብሔር ለመሠዋት ያመጣነው ነው አለ። ሳሙኤልም «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» አለው። ሳኦል መንግሥቱን ያጣው መሥዋዕት አጥቶ አይደለም፤ መሥዋዕቱማ በእጁ ነበረ። በተከለከለ መንገድ ያገኙትን ከፍሎ መስጠት የቀረውን አያነጻውም።

ስለዚህ ወደ ቁሉቢ የሚወጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት የደብተሩን ሒሳብ ይይ። በመጀመሪያ የሠራተኛን ደመወዝ። ዘሌዋውያን 19 የሙያተኛው ዋጋ በአንተ ዘንድ አይደር ይላል። የቤት ሠራተኛዋ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት፣ ግንበኛው «ነገ ና» እየተባለ ሲመላለስ፣ ለደብሩ የሚገባው ብር የእነርሱ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ያለአግባብ የተወሰደ ነገር። ዘሌዋውያን 6 በማታለል ወይም በአደራ ክህደት የወሰደ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጁ ጋር እንዲመልስ ያዛል፦ 5,000 ብር ያስቀረ 6,000 ይመልሳል፤ 10,000 ያስቀረ 12,000። ልብ በሉ፣ የበደሉን መሥዋዕት የሚያቀርበው ይህን ከመለሰ በኋላ ነው። ዘኬዎስ ከዚህም አልፎ አራት እጥፍ ብሏል። ሚዛኑ ላይ ከኪሎ ሃምሳ ግራም የሚያጎድል ነጋዴ ያጎደለባቸውን ሰዎች ሁሉ ማግኘት አይችል ይሆናል፤ እንዲህ ዓይነቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ለድሆች ይሰጣል። ሚዛኑን የሚያስተካክለው ግን ዛሬውኑ ነው። በመጨረሻም የተጣሉት ሰው። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። የጎረቤትን በር ሳያንኳኩ የደንገጎን ዳገት መውጣት ይህን ቃል መዝለል ነው። ቁሉቢ ክርስቲያን ያልሆነው ጎረቤታችንም ስለት ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው፤ የሚያውቀንም በሚዛናችንና በብድር አመላለሳችን ነው።

አሁን ወደ አሳሳሉ እንምጣ። የሚበዛው ችግር ስለቱ በድንጋጤ መሳሉ ነው። ልጅ ታሞ፣ ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ሰው ያለውንም የሌለውንም ይሳላል። ሲነጋ መጠኑን አያስታውሰውም፤ ወይም ያስታውስና አቅሙ አይችልም፤ ከዚያ «በሐምሌ»፣ «ለከርሞ» እያለ ዓመታት ያስቆጥራል፤ በኋላም ከመልአኩ የተደበቀ ይመስል ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይፈራል። ለዚህ መጽሐፍ መፍትሔ አለው። ዘሌዋውያን 27 ላይ ተሳዩ ለግምቱ ድሀ ከሆነ ካህኑ ዘንድ ይቀርባል፤ ካህኑም እንደ ተሳዩ አቅም ይገምትለታል። እግዚአብሔር ለድሀው ስለት ይህን ያህል አስቦለታል። ወይፈን ተስሎ የከብት ዋጋ እጥፍ ድርብ የሆነበት፣ ወይም በግራም ወርቅ የተሳለ ሰው ንስሐ አባቱን ያማክር፤ እርሳቸው ባሉት ይፈጽም። ራሱ ቀንሶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ራሱን ነጻ ማውጣት ግን ትሕትናም መታዘዝም አይደለም።

ሊሳል ያሰበ ሰው እነዚህን ይያዝ። የራሱን ብቻ ይሳል፤ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ሁለቱም ይስማሙ፤ ባል ሚስቱ ሳታውቅ ሲሳል፣ ሚስትም ባሏ ሳያውቅ ስትሳል ትዳር ይናጋል። ልጅን በመወከል የልጁን ዕድሜ ሙሉ አይሳል። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ ለየትኛው ደብር እንደሆነ ለይቶ ይናገር፤ ጽፎም ያስቀምጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብሎ ይድገም። ጌታ ባስተማረን ቅደም ተከተል «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው «የዕለት እንጀራችንን» ከሚለው ቀድሞ ነው የሚመጣው። ስለታችንም ይህን ተራ ይጠብቅ፦ አቤቱ ፈቃድህ ይሁን፤ ይህን እለምንሃለሁ፤ ብታደርግልኝ በምስጋና ይህን አመጣለሁ፤ ባታደርግልኝም ያንተ ነኝ።

ሲሰጥም ለደብሩ ገንዘብ ተቀባይ ሰጥቶ፣ በክርስትና ስሙ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይቀበል። መንገድ ዳር ሥዕልና ጃንጥላ ይዞ የቆመው ሁሉ የደብሩ ተወካይ አይደለም። ራሱ መሄድ ያልቻለ በታመነ ሰው ይላክ፤ ደረሰኙንም ያስመጣ። ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቁን ግን ተዉት። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብለናል።

አንድ በየዓመቱ የሚያደናግር ነገር አለ። ታኅሣሥ 19 ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ይዘልቃል። ስለዚህ በሬ ወይም በግ የተሳለ ሰው አርዶ ዝክር ሊያበላበት አይችልም። ከብቱን ከነሕይወቱ ወይም ዋጋውን ለደብሩ ያስገባል፤ ማብላት ከሆነ ስለቱ ለሐምሌ 19 ይቆየዋል፤ ያኔ የሐዋርያት ጾም አልፏል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ችግር የለም።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ሚኒባስ ሃያ ሰው አጭቆ፣ መስታወቱ ላይ የመልአኩን ሥዕል ለጥፎ ደንገጎን መውጣት እምነት አይደለም። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት ያነሡሃልና ራስህን ወርውር ያለው ይህንኑ ነው፤ የተሰጠው መልስም ጌታ አምላክህን አትፈታተነው የሚል ነው። በተለይ ሲወረድ የተጫነ መኪና ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፣ ግሎም አልይዝ ይላል፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ከድሬዳዋ ሙቀት ለሚወጣም የቁሉቢ ሌሊት ብርድ ነው፤ ሕፃንና አዛውንት ይዞ በነጠላ ብቻ ደጅ ማደር ተመልሶ ሐኪም ቤት መግባትን ያመጣል።

ሐኪም ካነሣን፣ ስለት ተስዬአለሁ ወይም ጠበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒት ማቆም እጅግ ያሳስበናል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ሳሉ ሲተው ዳንኩ ብሎ በሁለተኛው ወር ያቆመ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስበት ይችላል፤ ለቤተሰቡም ያንኑ ሊያስተላልፍ ይችላል። የደም ግፊትና የኤች አይ ቪ መድኃኒትም የሚቋረጥ አይደለም። ጠበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ ከሆነ የኪኒኑ ሰዓት ሐኪም ተጠይቆ ይስተካከላል፤ ሁለቱ አይጣሉም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ ረጅም ሰልፍ ላይ ከቆመ ስኳሩ ይወርዳል፦ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሊወድቅም ይችላል። ኪሱ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዝ፤ ሲሰማው ወዲያው ይውሰድ። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ትፈቅዳለች። በቀኖናችን ያለው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ ከጸሎቱ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዟል።

የቀረን የከበደው ነው፤ ተስሎ ያልሆነለት ሰው። ልጁ ያልዳነለት፣ ቪዛው የተከለከለበት፣ የተጠበቀው ፅንስ ያልቆየላት። እንዲህ ያለው ሰው «ቢሆንልኝ» ብሎ የተሳለው ካልሆነ ዕዳ የለበትም፤ ይህን ከካህን አፍ መስማት ያሳርፈዋልና ይጠይቅ። ግን አጠገቡ ያሉት የሚናገሩት ቃል ይገድለዋል፤ «እምነትህ ጎድሎ ነው»፣ «ስለትህ አንሶ ይሆናል» ይሉታል። ከፈላው ጋን ሐምሌ 19 የዳኑት ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ፣ ሰማዕትነታቸውን የፈጸሙት በሰይፍ ነው፤ ጥር 15 እናከብራቸዋለን። ያው ቂርቆስ፣ ያችው ኢየሉጣ፣ ያው እምነት ነው፤ አንድ ቀን ዳኑ፣ አንድ ቀን አንገታቸውን ሰጡ። ታዲያ በሰይፉ ቀን እምነታቸው ጎደለ የሚል ማን ነው?

እባካችሁ ልቅሶ ቤት ስትገቡ ይህን አስቡ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ መልካሙ መጀመሪያ ያደረጉት ነበር፦ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፣ አንዳቸውም ቃል አልተናገሩትም። ልጅ የሞተባትን እናት የተሳለችውን አትጠይቋት። ቡናውን አፍሉላት፣ ውኃ ቅዱላት፣ ከሠልስት በኋላ ሰው ሲሳሳ ተመለሱና አብራችኋት ተቀመጡ።

በድሬዳዋ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን