ለሸኘናቸው ባልደረባችንና አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ በጅማ ከተማ ባዘጋጀነው የሽኝት ፕሮግራም ላይ ለተገኛችሁ ወዳጆች፣ በተለይም ከጎማና ከማና ወረዳዎች የመንገዱ ጭቃ ሳያግዳችሁ ማርና ጀንፈል ቡና (ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ይዛችሁ ለመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የጽሕፈት ቤታችን የቡና ልማት ቡድን ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል። ወንበር አጥታችሁ ቆማችሁ ያመሻችሁትን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብለን አልገመትንም ነበር።

ባልደረባችን ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ አጥብቀው ስላሳሰቡን፣ እዚህም ሁላችን እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብለን ብቻ እንጠቅሳቸዋለን። በመጪው ወር በሲዳማ ክልል አዲስ ሥራ ይጀምራሉ።

ያደረጉልንን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ አንዱን ግን እኔ ይህን ምስጋና በቡድኑ ስም የምጽፈው ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ያረጀ ቡና ተጎንድሎ መታደስ አለበት የሚለውን ትምህርቴን ይዤ፣ የአንድ አባወራን ማሳ በአንድ በጋ ሙሉ በሙሉ አስጎነደልኩ። አቆራረጡስ ልክ ነበር፤ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳያቋጥር በሰያፍ። የተሳሳተው ስሌቱ ነው። የተጎነደለ ቡና ደህና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ በየዓመቱ ከፊሉን ብቻ እየጎነደሉ መሄድ ሲገባ፣ እኔ የቤተሰቡን ገቢ ከነግንዱ ቆርጬው ነበር።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡኝም። በማግስቱ ይዘውኝ ሄደው በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት «ያጠፋነው እኛ ነን» ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ «እኛ» ሲሉ ያንን ማሳ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነበር። ከዚያም በጉቶዎቹ መካከል የሚዘራ ቦሎቄ ራሳቸው አፈላልገው አመጡ፤ ከየጉቶው ካቆጠቆጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ሁለት ሦስቱን እያስቀሩ ሌላውን እያስነቀሉ፣ እስከ መጀመሪያው ለቀማ ድረስ ተመላለሱ። ቅዳሜ ዕለት ጋቢ ያለበሷቸው አባወራ እኚያው ናቸው። ያን ጊዜ ለምን ቀና ብዬ ማየት እንዳቃተኝ የጠየቃችሁኝ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለወጣት ባለሙያዎች ደግሞ የምናድለውን ዝርያ ታሪክ ሳይነግሩ ችግኝ አያስወጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ በአገራችን መታየቱን፣ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች መመረጣቸውን፣ «74110» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለው 74 ዝርያው የተመረጠበት እ.ኤ.አ. የ1974 ዓመት መሆኑን እየነገሩን፣ መልኮ ከሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚመጣውን ዘር በክብር እንድንይዝ አስተምረውናል። ቁጥሩን እንደ ሰው ስም ሲጠሩት ሰምተን ስቀንባቸዋል፤ አሁን እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን።

መስክ በዋሉበት ቀን ሁሉ እራት ሳይቀርብ አምሽተው የጠበቁ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን፣ በክፉ መንገድ በሰላም ያመላለሷቸውን ሾፌሮቻችንንም ከልብ እናመሰግናለን።

ጋሼ፣ በዚያ በታጠበ ቡና አገር የእኛ ጀንፈል ስሙ በክፉ ሲነሳ እንደሚከራከሩልን እናውቃለን። መጎንደያ መጋዝዎን ከጠረጴዛዎ ሥር ረስተውታል፤ ዘይት ቀብተን አስቀምጠነዋልና በጥር መጥተው ይውሰዱት።

የቡና ልማት ቡድን ባልደረቦችዎ፣ ጅማ