ፕላኑ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ አስተያየት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሰፈር ማኅበራት በከተማ ፕላን ዝግጅት ይሳተፋሉ ሲባል በአብዛኛው የሚታየው፣ ተሠርቶ ያለቀ ካርታ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥ መጠራቱ ነው። እኔ በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ አንዲት እናት ወደ ካርታው ጠጋ ብለው፣ መንገድ ተብሎ በተሰመረው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ዝናቡ ሲበረታ ጎርፉ የሚወርደው በዚህ ነው» ሲሉ ባለሙያው ማስታወሻ ያዘ፤ መስመሩ ግን አልተነካም።

እርግጥ ማኅበራቱም ከነቀፋ አይድኑም፤ የቤት ባለቤቶች ብቻ ሲሰባሰቡባቸው የተከራዩ ጥያቄ ተውጦ ይቀራል።

ይሁን እንጂ የተሻለ አሠራር አለ። የአሜሪካዋ ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የሰፈር ማኅበራትን የሚደግፍ ጽሕፈት ቤት ያቋቋመች ሲሆን፣ በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው ተሰብስበው ከማዘጋጃ ቤቱ የካፒታል በጀት የሚሠሩ ሥራዎችን ቅደም ተከተል እንዲያወጡ ተደርጓል።

ስለዚህ የፕላኑ ረቂቅ ገና በእርሳስ ሳለ ለማኅበራቱ ይድረሳቸው፤ ተቀባይነት ላጣ አስተያየትም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ