ለጠበቃዬና ለሁላችሁም፦ የምስጋና መልእክት

ወገኖቼ፣ ወሬውን ሰምታችኋል። ባለፈው ሐሙስ ዳኛው እዚህ አሜሪካ ጥገኝነት ፈቀዱልኝ። የመንግሥት ወገንም እዚያው ይግባኝ አልልም አለ። ከ7 ዓመት በኋላ! ስልኬ እስካሁን ዝም አላለም፣ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው። የደረሰብኝን አልተርክም። አብራችሁኝ ያለቀሳችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ጠበቃዬ። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ አልጠራውም።

የራሷን ቢሮ ከመክፈቷ በፊት 11 ዓመት የመንግሥት ጠበቃ ነበረች። በኢሚግሬሽን ችሎት ከእኛ ማዶ ተቀምጣ ጥገኝነት ጠያቂውን በጥያቄ የምታፋጥጠው እሷ ነበረች ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ስሰማ ፈራሁ። "እሷንማ እንዴት ታምኛለሽ?" ያሉኝም ነበሩ። እሷ ግን ስሜንና ኤ ነምበሬን (የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥሬን) እንደሰጠኋት፣ ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ፣ መዝገቤ በመንግሥት ሥራዋ ዘመን በእጇ አልፎ እንደሆነ አጣራች። ያኔ ይዛው ቢሆን ኖሮ ሕጉ ዛሬ ለእኔ እንድትቆም አይፈቅድላትም። ልቤ ያረፈው ያን ቀን ነው።

ያቺ የቀን ነገርስ! እኔ የተወሰድኩት ኅዳር 9 ቀን 2009፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ፎርሜን የሞላልኝ ሰው ኖቬምበር 9 ብሎ ጻፈው፣ ሰዓቱንም 8 ፒኤም። የባለቤቴ የምስክርነት ደብዳቤ ግን በትክክል ተተርጉሞ ኖቬምበር 18 ይላል። የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ "ቃላችሁ አይገጥምም" ተባልኩና ኬዜ ወደ ፍርድ ቤት ተላከ። ስንት ሰው ያን ወረቀት አገላበጠው፣ ማንም ልብ አላለውም። እሷ ቢጫ ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፣ አንዱ ላይ ኅዳር፣ አንዱ ላይ ኖቬምበር ጽፋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። ከዚያ ቀና አለችና "ያኔ ቢሆን የምይዝሽ እዚህች ላይ ነበር" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የሐበሻን ቀንና ሰዓት ሳታውቅ ስንቱን እንደ ውሸታም ቆጥራው ሊሆን እንደሚችል ስታስብ እንቅልፍ እንደሚነሳት ነገረችኝ።

ሦስት ቅዳሜ አዘጋጀችኝ። ወንበሯን ከጠረጴዛው ማዶ ትወስድና እንደ ድሮዋ ሆና ትጠይቀኛለች። ድምጿ ራሱ ይለወጣል። ሁለቴ አስለቅሳኛለች። ሳለቅስ ተነስታ ውሃ ትቀዳልኛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ከማዶ ትቀመጣለች። "የማታስታውሺውን አላስታውስም በይ፣ በግምት አትመልሺ።" ይህን መቶ ጊዜ ብላኛለች። የችሎቱ ቀን የመንግሥት ጠበቃው ከጠየቀኝ ሁሉ እሷ አስቀድማ ያልጠየቀችኝ አንድም አልነበረም።

ደግሞ የገንዘቡ ነገር። ኢሚግሬሽን ችሎት ላይ አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። በየወሩ 150 ዶላር እንድከፍል ፈቀደችልኝ። ሥራ ፈትቼ በቆየሁባቸው 4 ወራት ስለ ክፍያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምን ብዬ ላመስግናት? ቃል አጣሁ።

አስተርጓሚያችን፣ የሲልቨር ስፕሪንግ እቁብተኞች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ አባቶች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዳቦ ቆሎ ይዘው በብርድ የጠበቁኝ እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያልጠቀስኳችሁ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ፣ ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ትቻት ስመጣ ልጄ 4 ዓመቷ ነበር። አሁን 12 ሊሆናት ነው። እሷንና አባቷን ለማምጣት የሚሞላውን ፎርም ለማስገባት 2 ዓመት ጊዜ አለን። ጠበቃዬ ግን ሰኞ ጠዋት አስገባችው።

የኔ እህት፣ ይህን አስተርጓሚያችን ያነብልሻል። ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ። በረካውን ሳትጠጪ መሄድ የለም።